ጠማማው የግንብ መንገድ

ሚያዝያ 15፣ ረቡዕ

ጠዋት የጣራውን አሸንዳ ጠረግሁ። የአምናው ቅጠል በስብሶ ጭቃ ሆኗል። ጉልበቴ መሰላል ጠልቷል... ጠላም አልጠላም ወጣሁ። ባለቤቴ እናናዬ ከታች መሰላሉን ይዛ፣ «አንተ ሰውዬ፣ የፋሲካው ዶሮ ሳያልቅ ተዝካር እንዳታስደግሰኝ» ትላለች። ሰው ቅጠር ማለቷ ነው። ለአሸንዳ ሰው አልቀጥርም። ሪከንባከር ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ያን ሁሉ ዓመት ሳጥን ያነሳ እጅ ቅጠል ማንሳት አያቅተውም።

ከሰዓት ሳሌም ኮል አደረገች። (ደወለች። እኔም ጀመርኩት ማለት ነው ይህን አነጋገር።)

«አባዬ፣ እሁድ ሽማግሌዎች ይመጣሉ።»

«የማን?»

«የታኩሚ ነዋ። ያለ ሽማግሌ አይሆንም ያልከው አንተ አይደለህ?»

እኔ ነኝ። ጃፓናዊ ላገባ ነው ስትለኝ፣ ሰው ከሆኑ ሽማግሌ ይላኩ አልኩ። ነገሩ እዚያው የሚሞት መስሎኝ። ከጃፓን ሽማግሌ ማን ይልካል? ልጁ ክፉ አይደለም። የመኪና ዕቃ የሚሠራ የአገሩ ኩባንያ ውስጥ መሐንዲስ ነው። ቅዳሴ አብሯት ይቆማል፣ ከቄሱ ዘንድ ትምህርት ጀምሯል። እንከን ፈልጌ አጣሁበት። ያም አናደደኝ።

«ሦስት ሆነው ነው የሚመጡት» አለች። «እዚህ ድረስ። ለዚህ ብለው።»

ምን ይባላል? አንድ ልጅ ናት ያለችን።

ሚያዝያ 19፣ እሁድ

መጡ። ሦስት ሽማግሌ፣ ጥቁር ሱፍ፣ ጫማቸውን በራፍ ላይ አውልቀው ደርድረውታል። የዋይትሆል ሰፈር ጎረቤቶቼ በመጋረጃ ሲያጮልቁ አየሁ።

አባትየው ሞሪታ ይባላል። እንደኔው ሽበት ብቻ ነው። ዕድሜውን የፈጀው በከተማው ሙዚየም ነው፤ የድሮ የጃፓን ግንቦች ታሪክና ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ ዕቃ የሚታይበት። ጡረታ ወጥቶም አስጎብኚ ሆኖ ያገለግላል። ሁለተኛው ወንድሙ ነው። ሦስተኛው ኦኖ፣ የሙዚየሙ ባልደረባ፤ እንግሊዝኛ ስለሚችል አስተርጓሚ ሆኖ መጣ። ከእኔ ወገን ጀማነህን አስቀመጥኩ። ጎረቤቴ ነው፤ ልጅ ቢሆንም ሥርዓት ያውቃል።

ተቀመጡ ብል አይቀመጡም። ሳሌም «ጉዳያችሁን ሳትናገሩ እንዳትቀመጡ» ብላ አስጠንታቸዋለች። እንደ ምሰሶ ቆሙ። ጀማነህ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ «ጋሼ ሀይሉ፣ እነዚህ ከእኛዎቹ ይሻላሉ። የእኛ ሽማግሌ ገና ሳይገባ ሪሞቱን ነው የሚጠይቀው» አለ። ዝም በል አልኩት።

ሞሪታ በዝግታ ተናገረ። ልጃችንን እናውቀዋለን፣ ልጅዎን ደግሞ በእሱ ዓይን አይተናታል፤ ለልጃችን እንዲሰጡን ለመጠየቅ ከሩቅ መጣን... አጭር ነው። አልተመጻደቀም። ወደድኩት።

መልሴን እንደ ወጉ ሰጠሁ። «ነገሩ ከባድ ነው። ዘመድ እናማክር። እናስብበታለን።»

ሌላ ምን ይባላል? በመጀመሪያው ቀን እንካችሁ የሚል አባት ልጁ የከበደችው ይመስላል። ሽማግሌ ይመለሳል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ደጅ ጠንቶ ነው የሚሰጠው፤ የልጅቷ ክብር እሱ ነው። እስከ ሐሙስ እዚሁ ናቸው። ማክሰኞ ሲመጡ ላግደረድር፣ ረቡዕ እሺ ልል በልቤ ቆርጫለሁ።

ኦኖ ቃሌን ሲያስተረጉም የሞሪታ ፊት አልተለወጠም። በጣም ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ። ማዕድ ቀርቦ እምብዛም አልበሉም። እናናዬ «ዶሮዬ ምን አደረጋቸው?» ብላ እስካሁን ታጉረመርማለች።

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

አልመጡም። እናናዬ እንደገና ሠርታ ነበር።

ሚያዝያ 22፣ ረቡዕ

ዛሬም የለም። ሱፌን ለብሼ ዋልኩ። ጀማነህ ሺፍቱን ቀይሮ መጥቶ አብሮኝ መስኮት ሲያይ ዋለ። አንድ ጥቁር መኪና ቆመ... ለጎረቤት ፒዛ ነው።

«መንገድ ጠፍቷቸው ይሆናል» አለ ጀማነህ።

ከጃፓን ሲመጡ ያልጠፋቸው መንገድ?

ሚያዝያ 23፣ ሐሙስ

ሄዱ። ተሳፍረው ሄዱ።

እምቢ ያላልኩት ሰው ሁለተኛ ሳይጠይቅ ይሄዳል? ሱቅ ገብቶ ሸሚዝ ነካ ነካ አድርጎ እንደሚወጣ ሰው። ናቁን። ለእናናዬ «ይኸው፣ ያልኩሽ አልቀረም» አልኳት። «ምን ብለኸኝ ነበር?» አለች። ለካ ምንም አላልኩም።

ሳሌም ስልክ አታነሳም።

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

ሳሌም ከምትኖርበት ሰፈር ከጋሃና መጣች። ጃኬቷን ሳታወልቅ ሳሎን መሀል ቆመች።

«ዳድ፣ ዩ ሰድ ኖ።»

ስትናደድ አማርኛው ጥሏት ይሄዳል።

«መቼ ነው እምቢ ያልኩት?»

«እናስብበታለን አልካቸው።»

«ታዲያ እሱ እምቢ ነው?»

«እነሱ ጋ ነው! ትልቅ ሰው እንደዛ ካለህ መልሶሃል ማለት ነው። እንዳታፍር ብሎ ነው በቀጥታ የማይነግርህ። አንተ ደግሞ ተመልሰህ ብትጠይቀው እሱን ማሳፈር ነው። ነውር ነው፣ አባዬ።»

ሞሪታ ያን ዕለት ሆቴሉ ገብቶ ልጁን ጠርቶታል። የልጅቷ አባት በክብር መልሶናል፣ ከእንግዲህ በሩን እንዳትመታ ብሎታል። ታኩሚ የአባቱን ቃል አይጥስም። ኩባንያው ወደ ጃፓን ላዛውርህ ሲለው እምቢ እያለ የኖረ ልጅ አሁን እሺ ብሏል። ሐምሌ ላይ ይሄዳል። ብቻውን።

«አንቺ ወጋችንን አታስረጂውም?»

«አስረዳሁት። ገባው። አባቱ ግን ከአንተ አፍ ካልሰማ አያምንም። ልጅቷ ስለወደደችው የምትለው ነው ይላል። ደውልላቸው። እሺ በል። ሁለት ደቂቃ ነው።»

ስልክ አንስቼ ልጄን ውሰዱልኝ ልበል? የሴት ልጅ አባት ይለመናል እንጂ አይለምንም። አባቴ አላደረገውም፣ የእናናዬ አባት አላደረገውም። የእናናዬ አባት እንዲያውም አራት ጊዜ ነው የመለሰኝ።

«አልደውልም» አልኳት።

«እሺ» አለችና ወጣች። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ብታላትመው ይሻለኝ ነበር።

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

ደከመኝ። ምንም ሳልሠራ ደከመኝ።

ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ስለ ጃፓን ግንቦች የሚያወራ መጽሐፍ ተዋስኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። እኔን ትምህርት ቤት ያየኝ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን መዝገበ ቃላት ይዤ ብቻዬን ነው የተማርኩት። አንድ ነገር ሲያቃጥለኝ መጽሐፉን ካልፈለግሁ አይለቀኝም። ድንጋዩን ያለ ኖራ ነው የሚያነባብሩት። ያለ ኖራ! እንዴት ይቆማል?

ግንቦት 10፣ እሁድ

ከቅዳሴ ስንወጣ ጀማነህ መኪና ማቆሚያው ላይ ያዘኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ልደውልላቸው? ሽማግሌ ነኝ እኮ፣ ተቀምጫለሁ።»

«በስልክ? የጠፋ ዕቃ ነው የምታፈላልገው?»

«እንግዲያው ይቅር፤ ልጅቷ እዚሁ ታርጅልዎ።»

ዱላ ብይዝ አነሳበት ነበር። ልጅ ሆኖ እንዲህ ይለኛል... ውሸት ግን አልተናገረም።

ቤት ስንገባ እናናዬ መጽሐፉን ከወንበሬ ላይ አንስታ ሥዕሉን ታያለች።

«ሰው ሙዚየም ለማየት አይሄድም?» አለች።

«የምን ሙዚየም?»

«እኔ ምን አውቄ። ድንጋይ ድንጋይ እያለ ምሳውን የሚረሳው ማነው? ሂድና እይ። ልጅ ልትሰጥ አትሄድም። ግንብ ልታይ ነው የምትሄደው። እዚያ የሚሠራ የምታውቀው ሰው ካለ አለ ነው።»

«ተንኮለኛ ነሽ።»

«ከአንተ ጋር ኖሬ እንዴት ቀና ልሁን?»

ሳቅሁ መሰለኝ። ለሳሌም ራሷ ደወለችላት። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቅሁ፤ ለታኩሚም ሆነ ለአባቱ ማንም እንዳይነግር። እየጠበቁት የሚሄድ ለማኝ ነው። ሳይነገር የሚሄድ ጎብኚ ነው።

ሰኔ 1፣ እሁድ

ደረስን። እግሬ አብጦ ጫማዬ አልገባም ብሏል። አውሮፕላን፣ ከዚያ ባቡር፣ ባቡር፣ ደግሞ ባቡር። ሳሌም ካርታውን እያየች ከፊት፣ እኔ ሻንጣ እየጎተትኩ ከኋላ። ልርዳህ ትላለች። አትረጂኝም።

ከተማዋ ትንሽ ናት። ሰዉ አይጮህም። ጣቢያው ላይ ሳሌም ሩዝ የምትሸጠዋን ሴት በቋንቋዋ አናገረቻት። መቼ ተማረች? ለማን ብላ? አልጠየቅሁም። የማውቀውን ጠይቄ ምን አደርጋለሁ?

ሰኔ 2፣ ሰኞ

ዝግ ነው። ሙዚየሞቻቸው ሰኞ ይዘጋሉ።

«ስልክ እንዳልደውል ከለከልከኝ» አለች ሳሌም።

«ግንብ ሰኞ የት ይሄዳል?»

አልሳቀችም። በራፉ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጥኩ። ዘበኛው መጣና ጎንበስ አለ። እኔም ጎንበስ አልኩ። ሄደ፣ ዣንጥላ ይዞ ተመለሰና አጠገቤ አስቀመጠልኝ። ዝናብ የለም እኮ ልለው ስል ጀመረ።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ክፍት ነው። ሞሪታ የለም። ተራው ረቡዕና ቅዳሜ ብቻ ነው። ትኬት የምትቆርጠው ሴት ልደውልለት አለች። አይደወልም አልኩ። ሳሌም ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቆመች።

ሳላይ ወጣሁ። ያለ እሱ ምን አያለሁ?

ማታ ጫማዬን እየፈታሁ አሰብኩት። ሰኞ ሄድኩ። ማክሰኞ ሄድኩ። ነገም እሄዳለሁ። ይሄ ደጅ መጥናት አይደለም እንዴ? የሴት ልጅ አባት ሆኜ?

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። የአስጎብኚዎቹን አረንጓዴ ሰደርያ ለብሷል። ሱፍ የለበሰ የውጭ አገር ሽማግሌ በየቀኑ እየመጣ ይመለሳል ብለው ነግረውታል፤ ማን እንደሆነ አላጣውም። ኦኖን ከቢሮው ጠርቶታል።

«ሙዚየም ለማየት ነው የመጣሁት» አልኩ።

«ሙዚየማችንን ለማየት ስለመጡ እናመሰግናለን» አለ ሞሪታ።

ሌላ ቃል የለም። ሳሌምን ውጭ ጠብቂኝ አልኳት።

አስጎበኘኝ። ኦኖ መሀላችን ሆኖ ያስተረጉማል። የሸክላ ስብርባሪ፣ የጉድጓድ ባልዲ፣ ጠርዙ ላይ ወርቅ የተለበጠ የጣራ ጡብ፣ በእሳት ቀልጦ እንደ ሰም የወረደ ብረት። የከተማዋ ግንብ ኮረብታ ላይ ነበር። ተሠርቶ ብዙም ሳይቆይ ተቃጠለ፤ ዛሬ የቀረው የመሠረቱ ድንጋይ ብቻ ነው። ሞሪታ በወጣትነቱ ከቆፋሪዎቹ ጋር ተንበርክኮ ያወጣቸውን አንድ በአንድ አሳየኝ። አይቸኩልም። የማያውቀውን አላውቅም ይላል። በሕይወቴ እንዲህ የሚል የተማረ ሰው ስንት አግኝቻለሁ?

ኮረብታውን በትንሹ ሠርተውታል። ወደ በሩ የሚወጣው መንገድ ዝም ብሎ አይወጣም። ይሄዳል፣ ግድግዳ ያገኛል፣ ይታጠፋል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይታጠፋል።

«ለምንድነው የሚጣመመው?»

«ጠላት ሲመጣ እንዲደክም።»

«ዘመድስ በየት ይገባል?»

ሞሪታ ትንሽ አሰበ። «በዚሁ ነው» አለ። «ዘመድም ይደክማል።»

መንገዱን በዓይናችን ተከተልን።

ቀጥሎ ግንቡ ከመቃጠሉ በፊት የነበረው መልክ በትንሹ ተሠርቷል። አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው። ጎን ለጎን። ጣራቸው አይመሳሰልም፣ መስኮታቸው አይመሳሰልም።

«የትኛው ነው ልኩ?»

«አናውቅም። ሁለት ሊቃውንት ናቸው ያሠሩት፤ በዚህ ተጣልተዋል። አንዱ ሞተ። ሌላው የሟቹን ላለማየት ሲል መምጣት ካቆመ ቆየ። እኛ የሁለቱንም አቧራ እንጠርጋለን።»

«መምጣት ነበረበት» አልኩ።

ኦኖ ሲያስተረጉምለት ሞሪታ ቀና ብሎ አየኝ። «አዎ» አለ። «ቢመጣ ጥሩ ነበር።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ተቀምጠን ቀረን። እሱ ሁለተኛ አይጠይቅም፣ ነውር ነው። እኔ ሳልጠየቅ አልሰጥም፣ ነውር ነው። የተማሪ ልጆች ቢጫ ቆብ ደፍተው ገቡ፣ ጮሁ፣ አስተማሪያቸው ሰብስባ አወጣቻቸው። እኛ እዚያው ነን። ኦኖ ሰዓቱን ሰረቅ አድርጎ አየ። ከመስታወቱ ውጭ ሳሌም የመጠጥ መሸጫ ማሽኑ ጋ ቆማ እኛን ላለማየት ማሽኑን ታያለች። ሳንቲም አልከተተችም። ዝም ብላ ታየዋለች።

ጥበብ መጣልኝ ብዬ አልዋሽም። ደከመኝ። ወጉ በአንድ በኩል፣ ልጄ በአንድ በኩል፣ ሁለቱን ይዤ መቆም ደከመኝ።

«እኛ አገር ሽማግሌ ተመልሶ ይመጣል» አልኩት ኦኖን። «ንገረው። ማክሰኞ ጠብቄአችሁ ነበር። ረቡዕ ሱፍ ለብሼ ጠበቅኋችሁ። ሚስቴ ሁለት ጊዜ ነው የሠራችው።»

ኦኖ ማስተርጎሙን ረስቶ፣ «ጠበቁን?» አለ። ከዚያ አስተረጎመ። ሞሪታ መነጽሩን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ልጄን ሰጥቻለሁ» አልኩ።

ማንም አልጠየቀኝም። በሰው አገር፣ በሸክላ ስብርባሪ መሀል፣ ሳልለመን ሰጠሁ። አባቴ ቢሰማ...

ሞሪታ መነጽሩን ከጉልበቱ አንስቶ ጠረገ። ከዚያ አንድ ዐረፍተ ነገር ተናገረ። ኦኖ ደነገጠ፣ አየው፣ እኔን አየኝ።

«ይቅርታ... ዘመድ እናማክር፣ እናስብበታለን ይላሉ።»

ክው አልኩ። ልነሳ ስል ሞሪታ ክንዴን ያዘኝ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሰውዬው ይስቃል! ድምፅ ሳያሰማ፣ እንባው እስኪመጣ ይስቃል። ሽማግሌ በዚህ ይቀልዳል? ልቤ ቢቆምስ? እኔ አልሳቅሁም። ኦኖ ግን ሳቀ፣ ትኬት ቆራጯም ምን እንደሆነ ሳታውቅ ሳቀች። ኋላ... እኔም ትንሽ።

ሞሪታ መነጽሩን አድርጎ ተነሳ። ወደ መስታወቱ ሄዶ ሳሌምን በእጁ ጠራት።

ሰኔ 15፣ እሁድ

ከተመለስን ጀምሮ ሰውነቴ አልተሰበሰበም። ሣሩ ጉልበት ደርሷል። ነገ አጭደዋለሁ እያልኩ ሳምንት ሆነኝ።

ሳሌምና ታኩሚ ከቅዳሴ በኋላ ምሳ መጡ። ልጁ አሁንም እጅ ሲነሳኝ ወለሉን ሊነካ ይደርሳል። ተው እለዋለሁ። አይተውም። ግትር ነው። እናናዬ ጓሮ ይዛው ወጥታ የጎመኗን መደብ ታስቆፍረዋለች፤ «ቀስ፣ ቀስ! ሙዚየም አይደለም የምትቆፍረው!» ስትል ይሰማል።

ወጥ ቤት ሳህን ሳጥብ ሳሌም አጠገቤ መጣች። ሳህን ታደርቃለች፣ አንዱን ሳህን ደጋግማ።

«አባዬ፣ ነገ ለኩባንያው መልስ ይሰጣል። ከፈለገ ዝውውሩን ይሰርዙለታል። እዚህ መቆየት ይችላል።»

«ካልተሰረዘስ?»

«ካልተሰረዘ ሁለታችንም እንሄዳለን። ከሠርጉ በኋላ። ታኩሚ አባትሽ ይወስን ነው የሚለው።» ሳህኑን አስቀመጠች። «ቆዪ ካልከኝ እቆያለሁ። አይ ሚን ኢት፣ የእውነቴን ነው። አልቀየምህም።»

ቆዪ ካልከኝ አለች። መቆየት እፈልጋለሁ አላለችም። እዚህ አገር የተወለደች ልጅ፣ አባቷ ፊት የምትፈልገውን መናገር ፈርታ ሳህን ታደርቃለች። ከማን ተማረችው? ከማን ይሆናል...

አፌ ላይ ብዙ መልስ መጣ። እናትሽ ትስማ። ቄሱን እናነጋግር። ነገ እነግርሻለሁ። እንዲህ ካልኳት ትጠብቃለች። ስትጠብቅ ነገ ይሆናል፣ ልጁም ለእኔ ሲል ይሰርዘዋል፣ እሷም ለእኔ ስትል ደስ ብሎኛል ትላለች። በየእሁዱም ምሳ ይመጣሉ። እኔም በየእሁዱ ፊቷን አያለሁ።

«ሂጂ» አልኳት።

ቀና አለች። «አሁኑኑ? ሳታስብበት?»

«ሂጂ አልኩሽ እኮ።»

አንገቴን አቀፈችኝ። እጄ ሳሙና ነው፤ እንዳላቆሽሻት ወደ ላይ ይዤ ቆምኩ። ከዚያ እየሮጠች ወደ ጓሮ ወጣች።

ከሄዱ በኋላ የበራፉ ደረጃ ላይ ተቀምጬ እናናዬ መጣች። ነግረዋታል። ዓይኗ ቀልቷል፣ አፈሩ ገና ከእጇ አልለቀቀም።

«ለእኔ ሳትነግረኝ?» አለች። «አንድ ቀን እንኳ? ያችን እናስብበታለን የምትላትን ዛሬ የት አደረስካት?»

«ማሰብ ብጀምር ኖሮ ሂጂ አልላትም ነበር» አልኳት።

ደረጃው ላይ ቦታ ለቀቅሁላት፤ ተቀመጠች።